ወፍራሙ ፊደልና አገልግሎቱ

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች የተወሰደ)



ዛሬ የምናገረው ዘወትር በዓይናችሁ ስለምታዩት፥ ነገር ግን ምናልባት ቆም ብላችሁ አስባችሁበት ስለማታውቁት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በጋዜጣ አርእስት፥ በሱቅ ታፔላ፥ በመንገድ ዳር ሰሌዳና በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ጎላ ብሎ ስለሚታየው ስለ ወፍራሙ ፊደል ነው። «ደግሞ ፊደል መወፈሩና መቅጠኑ ምን የሚነገር ነገር አለው?» የሚል አድማጭ ቢኖር፥ አስቀድሜ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገረውና ከዚያ በኋላ ራሱ ይፍረድ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ጉዳይ ከአዲስ አበባ ራቅ ወዳለች አንዲት ከተማ ሄጄ ነበር። ከረጅም መንገድ በኋላ ስደርስ ጥም አቃጥሎኝ ስለ ነበረ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ካገኘሁት ቧንቧ በእፍኜ ቀድቼ ጠጣሁ። ከቧንቧው በላይ በግድግዳው ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ አላየሁትም ብል እዋሻለሁ። ነገር ግን ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓይነት ወፍራም ፊደል፥ መስመሩ ከመስመር ተጣብቆ፥ ዐሥራ አራት መስመር ያህል የተጻፈበት ስለ ነበረ፥ ዓይኔ እንደ ጥላሸት ቆጥሮ አለፈው። ሌሊቱን ሆዴን ሲቆርጠኝ አደረ። በማግሥቱ ተመልሼ ወረቀቱን ቃል በቃል ሳነብ፥ በዘጠነኛው መስመር ላይ የቧንቧው ውሃ ለመጠጥ እንደማይሆን ተጽፎ አገኘሁ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጸሐፊው ሰነፍ አልነበረም፤ ሰውንም ከበሽታ ለማዳን አስቦ ጽፎአል። ቃሉ እንዲታይለት ብሎም ከሁሉ የወፈረውን ፊደል መርጦአል። ሆኖም ያጎላልኛል ያለው ፊደል ቃሉን ሰወረበት። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ፥ ይህ ፊደል ከየት መጣ፥ እንዴትስ ተሠራ፥ መቼ ይረዳል መቼስ ይጎዳል እያልሁ መመርመር ጀመርሁ። የደረስሁበትን በአጭሩ አቀርብላችኋለሁ። በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

አውሮፓውያን የሚጽፉበት የላቲን ፊደል ከጥንት ሮማውያን የድንጋይ ጽሑፍ የወረሰው አንድ ልማድ አለው። የፊደሉ መስመር በሚያበቃበት ቦታ ላይ ትንሽ ጭረት ይጨመርበታል። ያችን ጭረት «ሰሪፍ» ይሏታል፤ እኛ የፊደሉ ጫማ ብንላት ያስኬዳል። የማተሚያ መኪና በአውሮፓ ከተስፋፋ በኋላም ለብዙ ዘመን መጻሕፍት የታተሙት ጫማ ባለው ፊደል ነበር። በ1816 ግን ዊልያም ካዝሎን አራተኛው የተባለ የለንደን ፊደል ሠሪ ባሳተመው የናሙና መጽሐፍ ውስጥ፥ ጫማ የሌለው አንድ የፊደል ዓይነት ታየ። የታየውም በአንዲት መስመር ብቻ፥ በትልልቆቹ ፊደላት ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ «ኢጂፕሺያን» ማለት ግብፃዊ የሚል ስም ተሰጠው። በ1832 ቪንሰንት ፊጊንስ የተባለ ሌላው የለንደን ፊደል ሠሪ ይህን የመሰለውን ፊደል «ሳንስ ሰሪፍ» ብሎ ጠራው፤ «ሳንስ» ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሆኖ «ያለ» ወይም «አልቦ» ማለት ነው። እንግዲህ ሳንስ ሰሪፍ ማለት በባዶ እግሩ የሚሄድ ፊደል ማለት ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ መልኩን ስላልወደዱት «ግሮቴስክ» አሉት፤ ትርጓሜውም ለዓይን እንግዳ፥ ቅርጹ ያላማረ እንደ ማለት ነው። ስድቡ ግን ቆይቶ ስም ሆነና እስከ ዛሬ ድረስ ፊደል ሠሪዎች ያለ ኀፍረት ይጠሩበታል።

ይህ በባዶ እግሩ የሚሄድ ፊደል በዚያን ዘመን መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በእንግሊዝ አገር ፋብሪካ ተስፋፍቶ፥ ሸቀጥ በዝቶ፥ ነጋዴው ዕቃውን ለማያውቀው ሰው ማስታወቅ የግድ ሆኖበት ነበር። መጽሐፍ በክንድ ርቀት ይነበባል፤ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ግን ከመንገድ ማዶ መነበብ አለበት፤ አላፊ አግዳሚውም ቆሞ አይጠብቀውም። ስለዚህ ፊደሉ መተለቅና መወፈር ነበረበት። ነገር ግን የማተሚያ ፊደል የሚቀረጸው ከእርሳስ፥ ከቆርቆሮና አንቲሞኒ ከሚባል ማዕድን ቅልቅል ስለሆነ፥ እጅግ ትልቅ ሲሆን ይከብዳል፤ ሲቀዘቅዝም እኩል ስለማይቀዘቅዝ ፊቱ ይጎደጉዳል። ይህን ችግር ያቃለለው ዳሪየስ ዌልስ የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ነው። እርሱ በ1827 እንጨትን በፍጥነት የሚቀርጽ መሣሪያ አበጀ፤ ከዚያ ወዲህ ትልልቁ የማስታወቂያ ፊደል ከእንጨት ይሠራ ጀመር። ወፍራሙ ፊደል በየከተማው ግድግዳ ላይ የነገሠው በዚህ መንገድ ነው።

በ1902 ሞሪስ ፉለር ቤንተን የተባለው አሜሪካዊ «ፍራንክሊን ጎቲክ» የሚባለውን ወፍራም ፊደል ነደፈ፤ ስሙም የተወሰደው ራሱ አታሚ ከነበረው ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ከዚያ በኋላም ብዙዎች ተከታትለው ወጥተዋል። ሁሉን ለመዘርዘር ጊዜ ስለማይበቃን፥ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ ስለሚታወቀው ስለ አንዱ ብቻ ጥቂት እንቆይ። እርሱም «ኢምፓክት» ይባላል፤ ትርጓሜውም ኃይለኛ ምት ማለት ነው።

ኢምፓክትን የነደፈው ጄፍሪ ሊ የሚባል፥ ሙያው የንግድ ማስታወቂያ የሆነ እንግሊዛዊ ነው። ሥራውን ወስዶ በ1965 በእርሳስ ቀርጾ ለአታሚዎች ያቀረበው በሼፊልድ ከተማ የነበረው ስቲቨንሰን ብሌክ የተባለው የፊደል ማቅለጫ ቤት ነው። የሊ አሳብ ግልጥ ነበር፤ በተወሰነ የፊደል መጠን ውስጥ የቻለውን ያህል ብዙ ቀለም በወረቀቱ ላይ ማሳረፍ ነው። ይህን አሳብ ለመረዳት የእርሳስ ፊደል እንዴት እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ፊደል በአንድ የእርሳስ ጡብ ራስ ላይ ተቀርጾ ይቆማል፤ ጡቡም በነጥብ ይለካል፤ አንድ ኢንች 72 ነጥብ ያህል ነው። ፊደሉ ከጡቡ ወጥቶ ሊያድግ አይችልም። በላቲን ታናናሾች ፊደላት መካከል ደግሞ እንደ ቢና እንደ ዲ ያሉት ወደ ላይ አንገት ያወጣሉ፤ እንደ ጂና እንደ ፒ ያሉት ወደ ታች ጅራት ይጥላሉ። አንገቱና ጅራቱ በረዘመ መጠን ለዋናው አካል የሚተርፈው ቦታ ያንሳል። ስለዚህ ሊ አንገቱንም ጅራቱንም አሳጠረ፤ የታናናሾቹንም ቁመት ወደ ትልልቆቹ ቁመት እጅግ አቀረበው። በዚህም ምክንያት ኢምፓክት በአንድ ዓይነት የነጥብ መጠን ከሌላው ፊደል ጎን ሲቆም ተልቆ ይታያል።

ሁለተኛው ጥበብ ፊደላቱን በጎን ማጥበቡ ነው። የጋዜጣ ዓምድ ስፋቱ የተወሰነ ነው፤ ፊደሉ ሰፊ ከሆነ ሦስት ቃል የማይዘው መስመር፥ ፊደሉ ጠባብ ሲሆን ቁመቱ ሳይቀነስ አምስትና ስድስት ቃል ይይዛል። እንግዲህ የቆሙት መስመሮች ወፍራሞች፥ የፊደሉ ወርድ ጠባብ፥ በፊደልና በፊደል መካከል ያለውም ክፍተት ጥቂት ሲሆን፥ ቃሉ በሙሉ እንደ አንድ ጥቁር ግንብ ሆኖ ይቆማል። ከሩቅ የሚጠራን ይህ ግንብነቱ ነው።

ሆኖም እንዲህ ያለውን ፊደል መንደፍ መስመር እንደ ማወፈር ቀላል አይምሰላችሁ። የሰው ዓይን ያታልላል። በማስመሪያ የተለኩ፥ ውፍረታቸው ፍጹም እኩል የሆነ አንድ የቆመና አንድ የተጋደመ መስመር ብትሥሉ፥ የተጋደመው ወፍሮ ይታያችኋል፤ ስለዚህ ነዳፊው የተጋደመውን ጥቂት ያቀጥነዋል። ክብ የሆነው የኦ ፊደል ከአራት ማዕዘኑ የኤች ፊደል ጋር በቁመት ትክክል ቢሆን አጥሮ ይታያል፤ ስለዚህ ክቡን ከመስመሩ በላይና በታች ጥቂት ያሳልፉታል። ሁለት ወፍራም መስመሮች በሚጋጠሙበት ቦታ ደግሞ ቀለም ይከማቻል፤ ስለዚህ መጋጠሚያውን ቀጠን ያደርጉታል። ይህ ሁሉ ሲደረግ አንባቢው ምንም አያስተውልም፤ ባይደረግ ግን ምክንያቱን ሳያውቅ ጽሑፉ ይቀፈዋል።

ኢምፓክት የወጣበት ጊዜ የእርሳስ ፊደል ዘመን ሊያልፍ የተቃረበበት ነበር። በፎቶግራፍ ዘዴ ጽሑፍ ማዘጋጀት እየተለመደ ሄዶ ነበር፤ ሌትራሴት የሚባለው ድርጅትም ከወረቀት ላይ እየተፋቀ የሚለጠፍ ፊደል ይሸጥ ነበር፤ በ1963ም ፍሬድ ላምበርት የነደፈውንና «ኮምፓክታ» የተባለውን፥ ኢምፓክትን የሚመስል ወፍራምና ጠባብ ፊደል አውጥቶ ነበር። ስለዚህ የሊ ፊደል ምጣዱ ሊበርድ ሲል እንደ ተጋገረ እንጀራ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ዕድሜው ከእርሳሱ ጋር አላበቃም። መብቱ ለሞኖታይፕ ድርጅት ተላለፈ፤ በ1996ም ማይክሮሶፍት ለኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች በነጻ ካደላቸው ፊደላት አንዱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ የኮምፒዩተር ባለቤት የሆነ ብዙ ሰው በእጁ ስላገኘው፥ ወጣቶች በሥዕል ላይ ቀልድ ሲጽፉ ይህንኑ ፊደል ነጭ አድርገው ዙሪያውን በጥቁር እየከበቡ ይጠቀሙበት ጀመር። ይህም ያለ ጥበብ አይደለም፤ ሥዕሉ ጨለማ ቢሆን ነጩ ይታያል፥ ብርሃን ቢሆን ጥቁሩ ከበብ ይታያል።

አሁን ወደ ቧንቧው ማስታወቂያ እንመለስ። ፊደሉ እንዲህ ያለ ኃይል ካለው፥ ስለምን እኔን ሳይጠራኝ ቀረ?

ምክንያቱ ይህ ነው። እኛ ስናነብ የምናየው ጥቁሩን ቀለም ብቻ ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን የምናነበው ጥቁሩንና ነጩን በአንድነት ነው። በፊደሉ ሆድ ውስጥ ያለው ነጭ፥ በፊደልና በፊደል መካከል፥ በቃልና በቃል መካከል፥ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ነጭ ሁሉ የንባብ ክፍል ነው። ባልትና የምታውቅ እመቤት እንጀራን የምትመረምረው በዓይኑ ነው፤ ዓይኑ የጠፋ እንጀራ ጤፉ ምንም ያህል ቢያምር አይወደድም። ፊደልም እንዲሁ ዓይን አለው። መስመሩ እየወፈረ በሄደ መጠን ዓይኑ እየጠበበ ይሄዳል። በዚህ ላይ ቀለም በወረቀት ላይ ሲያርፍ ጥቂት ይሰፋል፤ ወረቀቱ ሻካራ፥ ቀለሙም ቀጭን ከሆነ ይብስበታል። ፊደሉ ትልቅ ሲሆን ዓይኑ ይተርፋል፤ በትንሽ መጠን ሲታተም ግን ዓይኑ ይደፈናል። እንግዲህ ኢምፓክትን የመሰለ ፊደል የተነደፈው ለአርእስት ነው እንጂ ለረጅም ንባብ አይደለም።

ሁለተኛውም ምክንያት ከዚህ የሚከተል ነው። ወፍራም ፊደል ጩኸት ነው። በጸጥታ መካከል አንድ ሰው ቢጮህ ሁሉ ዘወር ብሎ ያያል፤ በገበያ መካከል ሁሉ ሲጮህ ግን ማንም ማንንም አይሰማም። ዐሥራ አራቱም መስመር እኩል ከወፈረ፥ ዘጠነኛው መስመር ከሌላው የሚለይበት ምንም ነገር የለውም።

በዚያው በ1965 በእንግሊዝ አገር የሆነ ሌላ ነገር ይህን በደንብ ያስረዳል። ጆክ ኪኒርና ማርጋሬት ካልቨርት የተባሉት ሁለት ነዳፊዎች የአገሪቱን የመንገድ ምልክቶች እንዲያዘጋጁ ተሹመው ነበር። ሥራቸው በ1958 በተከፈተው በፕሬስተን አውራ መንገድ ተጀምሮ፥ በ1965 በአገሩ ሁሉ መንገዶች ላይ መዋል ጀመረ። እዚህ ላይ የፊደሉ ጉዳይ የገበያ ጉዳይ አልነበረም፤ በፍጥነት የሚነዳ ሰው ምልክቱን ቶሎ ካላነበበ ራሱንም ሌላውንም ሊያጠፋ ይችላልና። ነዳፊዎቹ ጫማ የሌለውን ፊደል መረጡ፤ ውፍረቱን ግን አንድ ብቻ አላደረጉትም። በነጭ ወይም በብጫ ሰሌዳ ላይ በጥቁር ለሚጻፈው ወፈር ያለውን አዘጋጁ፤ በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ ሰሌዳ ላይ በነጭ ለሚጻፈው ግን ቀጠን ያለውን አዘጋጁ። ምክንያቱም በጨለማ መደብ ላይ ያለ ነጭ ፊደል፥ የመኪና መብራት ሲያርፍበት፥ ብርሃኑ ከወሰኑ አልፎ የሚፈስስ ይመስላልና ነው፤ መጀመሪያውኑ ወፍሮ ቢሠራ ዓይኑ በብርሃን ይደፈን ነበር። እንግዲህ ከሁሉ የወፈረው ሁልጊዜ ከሁሉ የሚነበበው እንዳይደለ ከዚህ እንማራለን።

ይህ ሁሉ ስለ ላቲን ፊደል ነው የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን የእኛን ፊደል ይበልጥ ይመለከታል። አባቶቻችን ቁም ጸሐፊዎች በብራና ላይ ሲጽፉ ቃልን የሚያጎሉት በማወፈር አልነበረም፤ ጥቁሩን ጽሑፍ እንዳለ ትተው መጀመሪያውን መስመርና የከበረውን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር እንጂ። ቀዩም ጥቂት ስለ ሆነ ዓይን ወዲያው ያገኘዋል። ቀለም ቢለይም ምስጢሩ አንድ ነው፤ ብርቅ የሆነ ነገር ይታያል፥ የበዛ ነገር ይሰወራል።

ከዚህም በላይ በግዕዝ ፊደል ውስጥ ትልልቅና ትንንሽ የሚባል ልዩነት ስለሌለ፥ አርእስትን ለመለየት መጠንንና ውፍረትን እንፈልጋለን። ነገር ግን የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለየው በትናንሽ ቅጥያዎች ነው። «ግቡ» እና «ግቢ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ተመልከቱ። ልዩነታቸው የበ ቅጥያ በወገቡ ላይ ወይም በእግሩ ላይ መሆኑ ብቻ ነው። በእግሩ ላይ ያለችው ቅጥያ ቀለበት ከሆነች ደግሞ «ግቤ» ይሆንና ስለ ወንዙ የምንናገር እንመስላለን። መስመሩ ያለ ልክ ሲወፍር የወገቡ ቅጥያ ወደ እግሩ ይወርዳል፥ የቀለበቷም ዓይን ይደፈናል፤ ሦስቱም ቃላት አንድ ይመስላሉ። «ሰ» ከ«ሸ»፥ «ተ»ም ከ«ቸ» የሚለዩት በራሳቸው ላይ ባለው መስመር ነው፤ «ዐ» እና «ፀ» የሚለዩት በሆዳቸው ውስጥ ባለው መስመር ነው። ስለዚህ የላቲንን ወፍራም ፊደል አይቶ የግዕዙንም በዚያው ልክ ላወፍር የሚል ነዳፊ፥ መጀመሪያ እነዚህን ቅጥያዎች አስፍቶ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል። ማወፈሩ ኋላ ይደርሳል።

እንግዲህ ማስታወቂያ የምትጽፉ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች፥ መምህራን፥ የዕድርና የማኅበር ሹማምንት፥ ታፔላ የምትሥሉም ባለሙያዎች ይህን ታስቡበት ዘንድ እለምናለሁ። ከመጻፋችሁ በፊት፥ አንባቢው ሌላውን ሁሉ ቢተው የትኛውን ቃል ማወቅ እንዳለበት ለዩ። ያንን ቃል ብቻ አወፍራችሁ ከሁሉ በላይ ጻፉት፤ ከሦስትና ከአራት ቃል ባይበልጥ ይመረጣል። በዙሪያው ነጭ ቦታ ተዉለት፤ ባዶ የቀረ ወረቀት የባከነ አይምሰላችሁ። ዝርዝሩን ከበታች ቀጠን ባለ ፊደል ጻፉ፤ የተጠራ ሰው ቀርቦ ያነበዋልና። በመጨረሻም ወረቀቱን ከመለጠፋችሁ በፊት በግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ያዙትና ጽሑፉን የማያውቅ አንድ ሰው ከዐሥር እርምጃ ርቀት እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። እርሱ ሳይደናቀፍ ካነበበው ሥራችሁ ተፈጽሞአል።

በዚያ ቧንቧ ላይ «ይህ ውሃ አይጠጣም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ጎልቶ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፥ እኔ ጥሜን ይዤ ወደ ሌላ ቦታ በሄድሁ ነበር። የእኔስ የአንድ ሌሊት የሆድ ቁርጠት ሆኖ አለፈ። ከእኔ በኋላ ወደዚያ ቧንቧ የመጣው ግን ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ሰው ሊሆን ይችል ነበር። ስለ ፊደል ውፍረት ይህን ያህል ጊዜያችሁን መውሰዴ ስለዚህ ነው።